ፖሊስ ያለ ማዘዣ ቤትንና ግቢን ሊበረብር የሚችለው መቼ ነው?

በደባርቅና በዳባት፣ ከጎንደር ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ብዙ ነጋዴ ሱቁንና መኖሪያውን በአንድ ጣራ ሥር አድርጎ ይኖራል። ፊት ለፊቱ ለደንበኛ የተከፈተ ሱቅ ነው፤ ከመጋረጃው በስተኋላ ቤተ ሰቡ የሚያድርበት ክፍል አለ፤ በስተጓሮም ገብሱና ባቄላው በጆንያ ተደርድሮ የሚቀመጥበት መጋዘንና ዙሪያው የታጠረ ግቢ ይገኛል። እንግዲህ ፖሊስ መጥቶ «ልንበረብር ነው» ያለ እንደ ሆነ፣ የዚህ ሰው ሱቅ ብቻ ሳይሆን መኝታውም የዓመት እህሉም በአንድነት ይገለበጣል። ስለዚህ ይህን ሕግ አጣርቶ ማወቅ ከሌላው ሰው ይልቅ ለነጋዴው ይጠቅመዋል።

የቤት መከበር በአገራችን ሕግ አዲስ ነገር አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት ሕግ ከሚፈቅደው በቀር የማንም ቤት እንዳይበረበር ደንግጎ ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣውም ይህንኑ አጽንቶታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 13 የሰው መኖሪያ የማይደፈር መሆኑንና ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማንም ሊገባበትም ሊበረብርበትም እንደማይችል፣ ሕግ የፈቀደው ሲሆን ግን ይህ እንደማይከለከል ይናገራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 መኖሪያ ቤትን ብቻ ሳይሆን ሰውነትንና ንብረትን ጭምር ከብርበራ ይጠብቃል። ይህ «ንብረት» የሚለው ቃል ለነጋዴ ትልቅ ነገር ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የአሠራሩ ሕግ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ሕጉን የሚተካ ረቂቅ ሲዘጋጅ ብዙ ዓመታት ሆነው፤ ይህ ትምህርት ግን በ1954ቱ ሕግ ቁጥር 32 እና 33 ላይ የቆመ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት መደበኛው ሥርዓት ፖሊስ ከፍርድ ቤት የመበርበሪያ ማዘዣ ይዞ መምጣቱ ነው። ያለ ማዘዣ የሚገባባቸው ምክንያቶች ሁለት ብቻ ናቸው።

አንደኛው፣ ፖሊስ ወንጀለኛውን እግር በእግር ሲከታተለው ሰውዬው ወደ አንድ ቤት የገባ ወይም የወንጀሉን ዕቃ ወደዚያ የጣለ እንደ ሆነ ነው። ለምሳሌ በዳባት ገበያ አንድ ሌባ ጣቃ ጨርቅ ነጥቆ ሲሮጥ፣ ፖሊስም ከኋላው ሲከተል፣ ሌባው የአንተን የግቢ በር ገፍቶ ገባ እንበል። እዚህ ላይ ማዘዣ አምጣ ማለት አይቻልም፤ ነገሩም ከአእምሮ ውጭ ነው። ነገር ግን ፖሊስ ሌባውን አጥቶ ወደ ጣቢያው ተመልሶ፣ ከሰዓታት በኋላ «እዚህ ሰፈር ገብቶ ነበር» እያለ በየቤቱ ቢዞር ክትትሉ ተቋርጧል። የሕጉ ቃል የሚሠራው ሩጫው ሳይቋረጥ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ማስተዋል ይፈልጋል፤ ነጋዴንም ይበልጥ የሚነካው ይኸው ነው። ሕጉ አራት ነገሮች በአንድነት እንዲሟሉ ይጠይቃል። አስቀድሞ ስለ ወንጀሉ ክስ ወይም አቤቱታ መቅረብ አለበት። ወንጀሉ ከሦስት ዓመት በላይ በሚሆን እስራት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ማስረጃ የሚሆነው ዕቃ በዚያ ቦታ መደበቁን ወይም መቀመጡን በበቂ ምክንያት የሚያስጠረጥር ወሬ ለፖሊሱ መድረስ አለበት። በመጨረሻም ፖሊሱ ማዘዣ እስኪያወጣ ድረስ ዕቃው ሊሸሽ ይችላል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ከአራቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ መንገዱ ወደ ፍርድ ቤት ነው።

የሦስት ዓመቱን ወሰን በቀላሉ አትለፉት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ቀላል እስራትን በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት አድርጎታል፤ ከዚያ በላይ የሚሄደው በአብዛኛው ጽኑ እስራት ነው። እንግዲህ ቅጣቱ መደበኛው ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ብቻ የሆነ ጥፋት፣ ለምሳሌ ተራ የደንብ መተላለፍ፣ የማንንም በር ያለ ማዘዣ አያስከፍትም። ስርቆት ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ስለሚችል ወሰኑን ያልፋል። ከማያውቀው ሰው በርካሽ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ይህን ያስብበት፤ የተሰረቀው ዕቃ በመጋዘኑ አለ የሚል ወሬና የባለ ንብረቱ አቤቱታ ከተገናኙ ከአራቱ ሁኔታዎች ሦስቱ ተሟልተዋል ማለት ነው።

የቀረው አራተኛው ነው፤ ክርክሩም ሁሉ ያለው በዚህ ላይ ነው። የጭነት መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ጆንያ እየጫነ በመጋዘኑ በር ላይ ከቆመ፣ ዕቃው ሊሸሽ ነው የሚለው አሳብ በቂ መሠረት አለው። ነገር ግን ዕቃው ከአንድ ሳምንት ጀምሮ በመጋዘን ተቆልፎ የተቀመጠ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱም በዚያው በደባርቅ ከተማ በእግር የሚደረስበት ሲሆን፣ «ጊዜ አልነበረንም» የሚለው ምክንያት ይሳሳል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት፣ መንገድ ባልገባባቸው ቀበሌዎች ነገሩ ይለያል፤ ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት ደርሶ መመለስ ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። እንደ እኔ አስተያየት ግን የመንገድ ርቀት ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም፤ ሕጉ የሚጠይቀው የመንገዱን ርዝመት ሳይሆን ዕቃው ሊወሰድ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። አንድ ፖሊስ ግቢውን ከውጭ ሆኖ ሲጠብቅ ሌላው ማዘዣ ሊያመጣ የሚችል ከሆነማ ጥድፊያው ከየት መጣ?

ወደ ግቢው እንምጣ። የሕጉ ጥበቃ በአራቱ ግድግዳ ውስጥ ብቻ የሚቀር መስሏቸው ጎተራውን፣ በረቱንና በዳስ ሥር የቆመውን መኪና እንደ ውጭ የሚቆጥሩ አሉ። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ሕገ መንግሥቱ ንብረትን ከቤት ጋር አስተካክሎ ጠርቷል፤ የፍትሐ ብሔሩ ሕግም በቁጥር 2053 ባለ ይዞታው በግልጽ እየተቃወመ ያለ ሕጋዊ ሥልጣን ወደ ሰው ቤት ወይም መሬት ገፍቶ የሚገባውን ጥፋተኛ ያደርገዋል። ስለዚህ አጥሩ የቤቱ ክፍል ነው፤ መጋዘኑም እንዲሁ። በሌላው ዓለምም ይኸው ክርክር ተነሥቷል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 በአንድ ቤት መዳረሻ ላይ በሸራ ተሸፍኖ የቆመ ሞተር ብስክሌትን ፖሊስ ያለ ማዘዣ ገብቶ ሸራውን ገልጦ መመርመሩ ስሕተት መሆኑን ፈርዷል። በዚያ አገር ሕግ ከቤቱ ርቆ ያለው ሜዳ ግን ይህ ጥበቃ የለውም።

ሱቁ በከፊል ከዚህ ይለያል። ለደንበኛ በተከፈተ በር ፖሊስም እንደ ማንኛውም ሰው ሊገባ ይችላል፤ በመደርደሪያ ላይ የተሰቀለውን ማየትም ብርበራ አይደለም። ከባንኮኒው አልፎ መሳቢያ መክፈት፣ ጆንያ መፍታት፣ መጋረጃውን ገልጦ ወደ መኖሪያው መዝለቅ ግን ብርበራ ነው። ባለቤቱ ወድዶ «ግቡ፣ እዩ» ካለ ደግሞ ነገሩ በፈቃድ ሆነ፤ ኋላ ተመልሶ መከራከር ይከብዳል።

የጉምሩክን ነገር ከዚህ ጋር አታደባልቁ። የጉምሩክ ሠራተኞች በአዋጅ ቁጥር 859/2006 እና በማሻሻያው በአዋጅ ቁጥር 1160/2011 የተሰጣቸው የራሳቸው ሥልጣን አለ፤ የውጭ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴም ዲክላራሲዮኑን ወይም የገዛበትን ደረሰኝ በሱቁ ማኖር ይገባዋል።

ከሁሉ የከበደው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የታወጀው አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ቤትንም መኪናንም ሰውንም ለመበርበር ይፈቅድ ስለ ነበር፣ የደባርቅና የዳባት ነጋዴም በዚያ ሥር አልፏል። አዋጁ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ለአራት ወር ተራዝሞ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር መጨረሻ ጊዜው አልቋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 እንዲህ ያለ አዋጅ የተወሰነ ዕድሜ አለው፤ ካላደሱት ይሞታል። በሞተ አዋጅ ስም የሚደረግ ብርበራ ሕጋዊ መሠረት የለውም። ስለዚህ «በአዋጅ ነው» የተባለ ሰው የትኛው አዋጅ እንደ ሆነና ዛሬ መጽናቱን በትሕትና ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ማዘዣ የቀረበ እንደ ሆነ ደግሞ አንብቡት። ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ መዘርዘር አለበት፤ ፖሊስም ከተዘረዘረው ሌላ ሊወስድ አይችልም። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ነው። በማዘዣም ሆነ ያለ ማዘዣ የተያዘው ዕቃ ተቆጥሮ በዝርዝር ይጻፋል፤ በተቻለ መጠንም ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበታል። ነጋዴው ጎረቤቱን ወይም የእድሩን ሽማግሌ ለዚሁ ቢጠራ መልካም ነው፤ ስንት ጣቃ፣ ስንት ካርቶን፣ ስንት ጆንያ እንደ ወጣ ኋላ የሚመሰክረው ይህ ወረቀት ነውና። በሩን ዘግቶ መታገል ግን አይበጅም፤ መግባት የተከለከለ ፖሊስ ተመጣጣኝ ኃይል እንዲጠቀም ሕጉ ይፈቅድለታል። ተቃውሞን በቃል በምስክር ፊት መናገር ይበቃል።

ወረቀቱን ማንበብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዶልሪ ማፕ ነገር መረዳት ይቻላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 በአሜሪካ አገር በክሊቭላንድ ከተማ ፖሊሶች ማዘዣ ነው ያሉትን ወረቀት አውለብልበው ቤቷን በረበሩ፤ በፍርድ ቤት ግን ማዘዣው ከቶ አልቀረበም። በ1961 የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ የተገኘ ማስረጃ እንዳይቀበሉ በየክፍለ አገሩ ያሉትን ፍርድ ቤቶች ከለከለ።

የእኛ የ1954ቱ ሕግ እንዲህ ያለ ማስረጃ ውድቅ ይሁን ብሎ በግልጽ አይናገርም፤ ስለዚህ የተበደለ ሰው የሚከተለው መንገድ ሌላ ነው። ያለ ሥልጣን ወደ ሰው ቤት መግባት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 ያስቀጣል። ለተሰበረ በርና ለጠፋ ዕቃ ደግሞ ካሳ በፍትሐ ብሔር ይጠየቃል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ በቁጥር 2126 መሠረት መንግሥትም ሊጠየቅበት ይችላል። የካሳው ክስ ግን ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።