ስኳር ያለበት ሰው ዓይኑን መታየት ያለበት እያየ ነው

ስኳር ከያዛቸው ዓመታት ያለፏቸውን ሰዎች «ዓይንዎን ታይተዋል?» ብለን ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ የምንሰማው «እኔ እንኳ ዓይኔ ደህና ነው፤ ሁሉንም አነባለሁ» የሚል መልስ ነው። እውነታቸውን ነው፣ ያነባሉ። ሬቲናቸው ግን በዚያው ጊዜ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል።

ጉዳቱ የሚጀምረው የት ነው?

ሬቲና የዓይናችንን የጀርባ ግድግዳ ከውስጥ የሸፈነ፣ ብርሃን ተቀብሎ መልእክቱን ወደ አንጎል የሚልክ ስስ ሽፋን ነው። በጣም ቀጫጭን የደም ሥሮች ይመግቡታል። የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የሥሮቹ ግድግዳ ይደክምና እንደ አሮጌ ካላማዳሪ ቦታ ቦታውን ያብጣል፤ ከዚያም ደምና ቅባት ያዘለ ፈሳሽ ያፈስሳል። አንዳንዱ ሥር ጭራሽ ይደፈናል። ደም ያጠረው ሬቲና አዳዲስ ሥሮች እንዲበቅሉ ያደርጋል፤ እነዚህ ግን ደካማ ስለሆኑ በቀላሉ ይደማሉ፣ ጠባሳቸውም ሬቲናውን ከቦታው ሊያላቅቀው ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመም የለም። ጥርት አድርገን የምናይበት ማኩላ የሚባለው መካከለኛ ቦታ እስካልተነካ ድረስ፣ ሰውየው ሰሌዳው ላይ ያለውን የመጨረሻውን መስመር ሳይቀር ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ ፊደል አንብቦ መነጽር መለካት የሬቲናን ምርመራ አይተካም። መነጽርን ካነሳን አይቀር፣ ስኳር ከፍና ዝቅ ሲል የዓይን ሌንስም ስለሚለዋወጥ እይታ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ስኳሩ ሳይረጋጋ የተሠራ መነጽር ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው።

መቼ ልታይ?

ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው የዓይን ምርመራ በሽታው እንደታወቀ መደረግ አለበት። አንደኛው ዓይነት ያለበት ሰው በ5 ዓመት ውስጥ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ስኳር እያለባት ያረገዘች ሴት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት መታየት ይኖርባታል፤ እርግዝና ጉዳቱን ሊያፋጥነው ይችላል።

እንግሊዝ ዕድሜያቸው 12 የሞላና ከዚያ በላይ የሆኑ የስኳር ታካሚዎችን በሙሉ እየጠራች ዓይናቸውን ፎቶ ማንሳት የጀመረችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። በ2014 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በእንግሊዝና በዌልስ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ቀዳሚውን ቦታ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይዞ የቆየው የስኳር ጉዳት ከዚያ ቦታ ወርዷል። በእኛ አገር የዓይን ሐኪሞች በብዛት ያሉት አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ስለሆነ ጠርቶ የሚያስታውሰን ላይኖር ይችላል። ለስኳር ክትትል ስትሄዱ ሪፈር እንዲጻፍላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረጋል?

በመጀመሪያ ዓይን ውስጥ ጠብታ ይደረጋል፤ ትንሽ ይለበልባል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ስትቆዩ የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ የስልካችሁ ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ ብርሃን ያስቸግራል። ከዚያ አገጫችሁን ማሽኑ ላይ ታሳርፋላችሁ፤ ሐኪሙ በመብራት ውስጡን ያያል ወይም ፎቶ ያነሳል። ብርቱካናማ በሆነው ሬቲና ላይ የሚፈልገው ቀያይ ነጥቦችን፣ ቢጫ የቅባት ጠብታዎችንና ያለቦታቸው የበቀሉ ሥሮችን ነው። የጠብታው ኃይል ለሰዓታት ስለሚቆይ መኪና አትንዱ፤ የፀሐይ መነጽር ያዙ፤ ቢቻል ሰው ይከተላችሁ።

ቢገኝብኝስ?

በመጀመሪያው ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ስኳርንና ደም ግፊትን መቆጣጠር፣ በቅርብ እየታዩ መከታተል ነው። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በአንድ ጊዜ በጣም ሲወርድ የሬቲናው ጉዳት ለጊዜው ሊባባስ ስለሚችል፣ መድኃኒት ሲቀየር የዓይን ሐኪሙም ይወቅ። ለገፋው ደረጃ ሌዘር አለ፤ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከባድ የእይታ መጥፋትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማኩላው ላይ ፈሳሽ ሲጠራቀም ደግሞ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ ሲሰሙት ያስፈራል፣ ግን በማደንዘዣ ጠብታ ይሰጣል። ሁለቱም በዋናነት ያለውን እይታ ያቆያሉ፤ የጠፋውን ሁልጊዜ አይመልሱም።

ቀጠሮ የማይጠበቅላቸው ምልክቶች

በድንገት ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ዓይናችሁ ፊት ቢንሳፈፍ፣ ብልጭታ ቢበዛ፣ በአንድ በኩል መጋረጃ የወረደ ቢመስል፣ ዓመታዊ ቀጠሯችሁ ሳምንት እንኳ ቢቀረው በዚያው ቀን ዓይን ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ።