ወደ ቶሮንቶ ለንግድ የሚሄድ ሰው ስለ ቀንና ስለ ሰዓት ሊያውቀው የሚገባ

በአንዋር መስጊድ ዙሪያ የሚነግድ ሰው በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ፥ በዳንፎርዝ ጎዳና ካሉት ኢትዮጵያውያን ባለመደብሮች ጋር ለመዋዋል ያሰበ እንደ ሆነ፥ ከሻንጣው አስቀድሞ የቀጠሮ መዝገቡን ማሰናዳት ይገባዋል። ቪዛው ከተገኘ መንገዱ አያስቸግርም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ወደዚያች ከተማ ይበራል።

«በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ቢል፥ ባለመደብሩ የአገር ልጅ እንኳ ቢሆን በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተነገረው ይጠራጠራል። ቀንም እንዲሁ ነው። ከከተማዪቱ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው በውጭ አገር የተወለደ ስለ ሆነ፥ 3/4 ብሎ የተጻፈው ለአንዱ ማርች 4፥ ለሌላው ኤፕሪል 3 ነው፤ የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው የሰዓቱ ልዩነት ነው። ቶሮንቶ ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ በ7 ሰዓት፥ በቀረው ጊዜ በ8 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወደ ኋላ ትቀራለች። ባለመደብሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጧት 3 ሰዓት ላይ ዋጋ ሲጠይቅ፥ በመርካቶ ከቀትር በኋላ 10 ወይም 11 ሰዓት ሆኗል። የሱቁ ሰው ዘግቶ ከሄደ የበርበሬውን የዕለት ዋጋ የሚነግር አይገኝምና፥ ነጋዴው በግምት ይዋዋላል፤ ኋላም ወይ በኪሳራ ይሸጣል፥ ወይ ቃሉን ያጥፋል። ስለዚህ ሳይነሣ፥ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቀው ከሱቁ ሰው ጋር ይወስን።

ዓርብ ቀትር ላይም ቀጠሮ አይያዝ። በ1969 እ.ኤ.አ. ከቤተ ክርስቲያንነት ወደ መስጊድነት የተለወጠው ጃሚ መስጊድ ያለው በከተማዪቱ ምዕራብ በቦስቴድ ጎዳና ነው፤ ዳንፎርዝ ግን በምሥራቅ ስለ ሆነ፥ በምድር ውስጥ ባቡርም ቢሆን ደርሶ መመለሱ ቀኑን ይከፍለዋል።