በባትሪ ስለሚሠራው ተመላላሽ መጋዝ አያያዝ

በገዳሪፍና በምሥራቅ ሱዳን ወሰን አካባቢ ለብዙ ሰው ቤት ማለት ምሰሶና ሣር ነው። ራኩባ የሚባለው፥ በቋሚ እንጨት ላይ ሣር ተከድኖበት የሚሠራው ጥላ፥ ለአገሩ ሰው ከጥንት የታወቀ መጠጊያ ሲሆን፥ ኡም ራኩባ የተባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ይህ ሰፈር በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ሰዎች ያረፉበት፥ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ጦርነት ለሸሹት እንደገና የተከፈተ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በሱዳን ውስጥ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ከካርቱምና ከጀዚራ የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ገብቷል። ስለዚህ ምሰሶ የመቁረጥና ቆርቆሮ የመክፈል ሥራ በዝቷል። ለዚህም ሥራ መጥረቢያና የእጅ መጋዝ ሲያገለግሉ ቆይተው፥ አሁን በባትሪ የሚሠራው ተመላላሽ መጋዝ ተጨምሮባቸዋል።

ተመላላሽ መባሉ ምላጩ እንደ ክብ መጋዝ ስለማይዞር፥ ነገር ግን ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚመላለስ ነው። ፍጥነቱም በብዙዎቹ ዓይነቶች በደቂቃ እስከ 3,000 ጊዜ ይደርሳል። ሚልዋኪ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ይህን በእጅ የሚያዝ መጋዝ ለገበያ ያቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ሲሆን፥ ያን ጊዜ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ካልተያያዘ አይሠራም ነበር። ቀላልና ብርቱ የሆነው የሊቲየም ባትሪ ለእንዲህ ያለ መሣሪያ መዋል የጀመረው በዚያው አቆጣጠር በ2005 ገደማ ነው።

በእጅ መጋዝና በዚህ መሣሪያ መካከል ያለው ልዩነት የፍጥነት ብቻ አይደለም። የእጅ መጋዝ ኀይሉን የሚያገኘው ከሰው ክንድ ስለ ሆነ፥ ክንዱ ሲደክም ይደክማል፥ ሰውየው ሲደነግጥም ይቆማል። ባትሪው ግን ድካም የለውም። ሽቦ ያለው መሣሪያ ቢሆን ሽቦው ከግድግዳ መነቀሉን ዓይን ያያል፤ ባትሪ ያለው ግን መሬት ላይ ተጋድሞ ዝም ሲል የተኛ ይመስላል እንጂ አልተኛም። ቃታውን የነካ የሕፃን ጣት፥ ወይም በጆንያ ውስጥ አብሮት የተጫነ ዕቃ ሊያስነሣው ይችላል። ስለዚህ ምላጭ ሲለወጥ፥ የተቀረቀረ ስንጥር ሲወጣ፥ መሣሪያው ከቦታ ወደ ቦታ ሲወሰድ፥ ሠራተኛው ለምሳ ሲነሣም ጭምር ባትሪው ተነቅሎ ለብቻው ይቀመጣል። የቃታው መቆለፊያ ይህን አይተካም።

መሣሪያው በፊቱ በኩል ምላጩን የሚያቅፍ የብረት እግር አለው። ለአዲስ ሰው ይህ እግር ከንቱ ጌጥ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በሚቆረጠው እንጨት ላይ አጥብቆ ካልተደገፈ ምላጩ በመቁረጥ ፈንታ እንጨቱንም ሰውየውንም ማንቀጥቀጥ ይጀምራል። አስቀድሞ እግሩ ይደገፋል፥ ቀጥሎ ቃታው በዝግታ ይሳባል፥ ጥርሱ መንገድ ከያዘ በኋላ ፍጥነቱ ይጨመራል። ሁለቱም እጆች በመሣሪያው ላይ መሆን ስላለባቸው እንጨቱን የሚይዘው ሞርሳ ወይም ገመድ እንጂ የሰው እጅ አይደለም። ምላጩም ወደ ኋላ በሚመለስበት ጊዜ እንኳ ጫፉ ከእንጨቱ ማዶ እንደ ወጣ የሚቀር ረጅም ሊሆን ይገባዋል። ጫፉ ከግንብ ወይም ከብረት ጋር ቢጋጭ መሣሪያው ወደ ያዘው ሰው ተወርውሮ ይመለሳል። በማዶ በኩልም የማንም ሰው እጅ ወይም እግር እንዳይኖር ዞሮ ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ አገር ይበልጥ የሚያስፈራው ሥራ አዲስ እንጨት መቁረጥ ሳይሆን ያረጀውን መለወጥ ነው። ምስጥ የምሰሶውን ሥር በልቶ ሲጨርሰው ባለቤቱ የተበላውን ቆርጦ ሌላ ሊያቆም ይሻል። በእጅ መጋዝ ሲሆን ሥራው ረጅም ስለ ሆነ የጣራው መንቋቋት አስቀድሞ ይሰማል፥ መሸሻም ጊዜ ይገኛል። የባትሪው መጋዝ ግን እንደ ሰው ክንድ የወፈረውን ቋሚ በጥቂት ሰከንድ ይጨርሰዋል፤ ጩኸቱም የጣራውን ድምፅ ይሸፍናል። ስለዚህ መጋዙ ከመነሣቱ በፊት በምሰሶው ግራና ቀኝ ባላ ተተክሎ ወጋግራውን መሸከሙ በእጅ ተገፍቶ ይፈተናል፥ በውስጥ ያለውም ሰው ሁሉ ይወጣል። መሬት ላይ የተጋደመ እንጨትም የራሱ ተንኮል አለው። በሁለት ጫፉ ተደግፎ መካከሉ ቢቆረጥ ጎብጦ ምላጩን ይነክሳል፤ የሚቆረጠው ክፍል ከድጋፉ ውጭ ቢሆን ግን ቁራጩ ያለ ችግር ይወድቃል።

በአንድ የሥራ ቦታ አማርኛ፥ ትግርኛና ዓረብኛ የሚናገሩ ሠራተኞች ሲገናኙ የማቆሚያውን ምልክት አስቀድመው መስማማት አለባቸው። አንዱ «ቁም»፥ ሌላው «ደው በል»፥ ሦስተኛው «አጊፍ» ቢል በዚያ ጩኸት መካከል የሚሰማ የለም፤ ከፍ ብሎ የተዘረጋ እጅ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

የምላጩ ጥርስ እንደሚቆረጠው ነገር ይለያያል። ለእንጨት በአንድ ኢንች ውስጥ ከ5 እስከ 8 ጥርስ ያለው፥ ለብረትና ለቆርቆሮ ከ14 እስከ 24 ያለው ይመረጣል። ጣልሕ የሚባለው የአገሩ ግራር አሮጌ ምሰሶ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ምስማርና ሽቦ ተሸሽጎበታልና 10 ጥርስ ያህል ያለው፥ ምስማር ላለበት እንጨት የተሠራው ምላጭ ይሻላል። ምላጩ ሥራውን እንደ ጨረሰ ስለሚግል በባዶ እጅ አይነካም። የዓይን መነጽርም ግድ ነው፤ እጅጌው ሰፊ የሆነ ጀላቢያ ወይም ጫፉ የተንጠለጠለ ነጠላ ከጥርሱ ጋር እንዳይያያዝ ይሰበሰባል። (ሐሻብ የተባለው ዛፍ ግን ሙጫ እየሰጠ ባለቤቱን የሚመግብ ነው፤ አሁን በአንድ ደቂቃ ሊወድቅ መቻሉ ለመቁረጡ ምክንያት አይሆንም።)

መሣሪያው ሽቦ ስለሌለው ኤሌክትሪክ አይዝም የሚል አሳብ አደገኛ ነው። በግድግዳ ውስጥ ያለፈውን የመብራት ሽቦ ምላጩ ቢቆርጠው የመስመሩ ኀይል በብረቱ በኩል ወደ ሰው ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ግድግዳ ከመቆረጡ በፊት መብራቱ ከቆጣሪው ይጠፋል፥ ጄነሬተርም ካለ ይቆማል።

መንቀጥቀጡ ደም አያፈስም፤ ነገር ግን ሲደጋገም የጣትን ደም ሥርና ነርቭ ይጐዳል። የአውሮፓ ኅብረት በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ባወጣው መመሪያ የእጅ መንቀጥቀጥ በ8 ሰዓት ሥራ ተሰልቶ በሰከንድ ካሬ ከ5 ሜትር እንዳያልፍ ወስኗል። በሰከንድ ካሬ 20 ሜትር በሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ የሚሠራ ሰው የቀኑን ወሰን በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል ማለት ነው። ጣቱ የነጣና የደነዘዘ ሠራተኛ መጋዙን ለሌላ አስረክቦ ሌላ ሥራ ይያዝ።

በገዳሪፍ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የብዙዎቹ ፋብሪካዎች መመሪያ ግን የሊቲየም ባትሪ ከ40 ዲግሪ በላይ ባለ ሙቀት እንዳይሞላ ይከለክላል። ስለዚህ ከሥራ ሞቆ የመጣ ባትሪ በጥላ ከቀዘቀዘ በኋላ፥ በሌሊት ወይም በማለዳ ቢሞላ ይሻላል። ከገላባት ወደ ገዳሪፍ በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ፀሐይ ላይ መተው፥ ወይም ከምስማርና ከሳንቲም ጋር በአንድ ከረጢት መጨመር አይገባም፤ ብረቱ ሁለቱን ጫፎች ቢያገናኝ ባትሪው ይግላል፥ ሊቃጠልም ይችላል። ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ባትሪ ከቶ አይሞላም። የሚሞላበትም ስፍራ ከሣር ክዳንና ከመኝታ ይራቅ፤ በደረቁ ወራት በተጠጋጋ የራኩባ ሰፈር አንድ እሳት የአንድ ቤት ሆኖ አይቀርም።

ይህ መጋዝ የሚያቆስለው ቁስል ሻካራና የተቀደደ ነው። ደሙ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ በመጫን ይቆማል፥ የተጐዳውም እጅ ከልብ ከፍ ብሎ ይያዛል። ወደ ቁስሉ የገባ ስንጥር ወይም ብረት ጠልቆ እንደ ሆነ በሐኪም እንጂ በባልንጀራ አይነቀልም። የተቆረጠ ጣት ቢኖር በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ከረጢት ይታሰራል፥ ከረጢቱም በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ጣቱ በረዶውን አይነካም። ከሰኔ እስከ መስከረም መረሬው መሬት ሲርስ መኪና ስለሚይዝ፥ በእነዚያ ወራት ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ወደ ሐኪም የሚያደርሰው መንገድና የሚጭነው ሰው ይታወቅ። ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ዝገትና አፈር የነካው ስለ ሆነ፥ ሠራተኛው የቲታነስ ክትባት የተከተበበትን ጊዜ ለሐኪሙ ይንገር።