ቁስቋምና የኔ ቀይ ድንጋይ

የጎንደር ግንብ ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ፋሲል ግቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፍላችሁ ከከተማው ወጣ ብሎ በስተሰሜን ምዕራብ ከተራራው ሥር ስላለው ስለ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። ለምን እሱን እንደመረጥኩ ወደ በኋላ እናገራለሁ፤ ትንሽ ያሳፍራል።

ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የቋራ ባላባት ልጅ ሲሆኑ የአፄ በካፋ ሚስት ነበሩ። አፄ በካፋ ራሳቸውን ደብቀው በቋራ ሲዞሩ ታመው፣ ያስታመመቻቸውን ቆንጆ ልጅ አገቡ እየተባለ ይተረካል። ይሄ አፈ ታሪክ ሊሆን ይችላል። ታሪክ የሚለው ግን ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። ከኛ ትምህርት ቤት ቢሆን አንደኛ ክፍል ማለት ነው! ስለዚህ እናቱ ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር አገር መግዛት ጀመሩ። የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ፣ የልጃቸው ብርሃን ሰገድ ነበር። ወንድማቸውን ራስ ወልደ ልዑልንና ሌሎች የቋራ ዘመዶቻቸውንም ወደ ሥልጣን አመጡ።

እቴጌዋ ፋሲል ግቢ ውስጥም በስማቸው የሚጠራ ግንብ አላቸው። ሆኖም ከከተማው ግርግር ራቅ ብለው የራሳቸውን ግቢ ቆረቆሩ። ስሙን ያገኙት ከግብፅ ነው፤ እመቤታችን ከልጇ ጋር ስትሰደድ ያረፈችበት ቦታ ደብረ ቁስቋም ይባላል። በዓሉም ኅዳር 6 ነው።

አሁን ወደ ግንቡ እንግባ። ዙሪያውን ቅጥር አለው፤ በቅጥሩ ላይ እንቁላል የመሰለ ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች አሉ። ውስጡ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የግብር አዳራሹና እቴጌዋ የሚኖሩበት ባለ ፎቅ ቤት ነበሩ። ዛሬ ቤተ መንግሥቱ ጣሪያም ፎቅም የለውም፤ ቀና ብትሉ የምታዩት ሰማይ ነው። እኔ በፊት ጠላት ያፈረሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ፎቁና የበርና የመስኮት መደገፊያው እንጨት ነበር። እንጨት ይበሰብሳል፣ ይቃጠላል፤ ድንጋዩ ግን ይቆያል።

ድንጋዩን አጣብቆ የያዘው ኖራ ነው። ኖራ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ በምድጃ ተቃጥሎ ውሃ ሲፈስበት ነው፤ ከዚያ ከአሸዋ ጋር ይቦካል። ጭቃን ዝናብ ያጥበዋል፤ ኖራ ግን ሳይንስ ላይ የተማርነውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እየወሰደ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ጠላቱ ምን መሰላችሁ? ከስንጥቁ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው። ሥሩ እየወፈረ ሲሄድ ግንቡን ይፈለቅቀዋል።

ከሁሉ የሚያምረው ጌጡ ነው። ግድግዳው ጠቆር ያለ ድንጋይ ሆኖ በመስኮቱና በበሩ ዙሪያ ግን ቀይ ድንጋይ ገብቶበታል፤ መስቀልም ተቀርጾበታል። ቀዩ ድንጋይ ለስለስ ያለ ነው፤ ለመቅረጽ ይመቻል። ለመፈርፈርም እንደዚያው።

በዚህ ግቢ ደስታም ለቅሶም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ተጓዥ ጎንደር ሲደርስ የእቴጌዋ ቤተሰብ ልጆች በፈንጣጣ ታመው ነበር። እሱም በርና መስኮቱን አስከፍቶ፣ ክፍሉን በዕጣንና በከርቤ አሳጥኖ አከማቸው። ያን ጊዜ እቴጌዋ ብዙ ሐዘን ያዩ አሮጊት ነበሩ። ልጃቸው አፄ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1755 ሞተዋል፤ የልጅ ልጃቸውን አፄ ኢዮአስን ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ለእርዳታ የጠሯቸው ራስ ሚካኤል ስሑል እ.ኤ.አ. በ1769 አስገድለዋቸዋል። ራስ ሚካኤል እኮ የልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ባል ነበሩ! እቴጌዋ እ.ኤ.አ. በ1773 አረፉ። ቤተ ክርስቲያኑን እ.ኤ.አ. በ1888 ድርቡሾች አቃጠሉት፤ አሁን ያለው በኋላ የታደሰው ነው። የእቴጌዋ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አፅም እዚያው አንድ ላይ መስታወት ባለው ሣጥን ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1979 ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ቁስቋምም አብሮ ገብቷል።

እንግዲህ የሚያሳፍረውን ልናገር። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ኅዳር 6 ከአያቴ ጋር ለንግሥ ሄጄ ከፍርስራሹ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ቀይ ድንጋይ አነሳሁ። ለሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ እንዲህ ያለ የለም፤ ስትወረውሩት ባለበት ይቀመጣል፣ ጥግ ጥጉን ደግሞ እንደ ጠመኔ መሬት ላይ መሥመር ያወጣል። ሦስት ዓመት ተጫወትንበት። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ክበባችን ቦታውን ሲጎበኝ ነው አንዱን መስኮት አይቼ የደነገጥኩት፤ ጎኑ ተቦርቡሮ የጎደለው ድንጋይ የኔው ዓይነት ነው።

ቅዳሜ ከአያቴ ጋር ይዤው ሄድኩ። እሷ ስለማታውቅ መንገድ ላይ ነገርኳት፤ እስክንደርስ ድረስ ምንም አላለችኝም፣ ይሄ ከቁጣ ይብሳል። ጥበቃው አባት ድንጋዩን ተቀብለው እያገላበጡ አዩት። «ጋሼ፣ ከየት እንደወደቀ ይታወቃል?» አልኳቸው። «ልጄ፣ አንቺ በጨዋታ ጠርዙን ጨርሰሽዋል፤ አሁን በየትኛው ቀዳዳ ልክ ይሆናል?» አሉኝና ከግድግዳው ሥር ከተሰበሰቡት ሌሎች ቀያይ ድንጋዮች ጋር አስቀመጡት።

ሰኞ ማክሰኞ አሁን የምንጫወተው በተሰበረ ሸክላ ነው። ይንሸራተታል።