ክብደት መቀነሻ ዘዴ ሲመርጡ ከበዓለ ሃምሳ ይጀምሩ

ክብደት ለመቀነስ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «በወር ስንት ኪሎ ያስቀንሳል?» ብሎ ነው። ዘዴዎቹም የሚሸጡት በዚሁ መልስ ነው፤ አንዱ እንጀራና ዳቦ ተው ይላል፣ ሌላው ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት እንዳትቀምስ ይላል፣ ሦስተኛው በየማለዳው ሎሚና ዝንጅብል ያጠጣል። ጥያቄው መቀየር አለበት። ዘዴ ሲመዘን ዋናው መለኪያ በሁለተኛው ዓመት አብረውት መኖር መቻልዎ ነው፤ የመጀመሪያው ወር ኪሎ ስለዚያ ብዙ አይነግርዎትም። ይህን አስቀድሞ ለመፈተን ደግሞ ጾምና ፍስክ የሚፈራረቁበት የእኛ የቀን መቁጠሪያ ከማንኛውም የስልክ መተግበሪያ የተሻለ መሣሪያ ነው።

ማስረጃውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2018 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ጋርድነርና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ ቅባት፣ ሌሎቹ ካርቦሃይድሬት ቀንሰው ለአንድ ዓመት እንዲበሉ አድርጓል። በዓመቱ መጨረሻ ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ፤ አንዱን ዘዴ ከሌላው የሚያስመርጥ ልዩነት አልነበረም። በየቡድኑ ውስጥ ግን ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነበር፤ ያንኑ ምክር ከተቀበሉት መካከል ወደ 30 ኪሎ የቀነሰም፣ ወደ 10 ኪሎ የጨመረም ሰው ነበረ። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት 160 ሰዎችን በአራት የታወቁ የአመጋገብ ዘዴዎች ደልድሎ ሲከታተል፣ ከቀነሱት ኪሎ ጋር አብሮ የሄደው ሰዎቹ የተሰጣቸውን ዘዴ የጠበቁበት መጠን ነበር፤ የዘዴው ዓይነት ግን ለውጥ አላመጣም። «ሁሉም እኩል ከሆነ ታዲያ መምረጥ ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኩል የሆኑት አማካዮቹ ናቸው። ለአንድ ሰው ግን ከሁለቱ አንዱ ከሌላው ይልቅ ይከብደዋል፣ ቤቱና ሥራው አንዱን ይቀበሉና ሌላውን ይገፋሉ። መምረጥ ማለት ይህን ለይቶ ማወቅ ነው።

የስኳር በሽታ መድኃኒት ወይም የደም ግፊት ክኒን የሚወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ ወይም የሚያጠቡ፣ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ወይም ከምግብ ጋር ከባድ ትግል ገጥሟቸው የሚያውቁ ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ። ግብዎንም ልከኛ ያድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ይፋ የሆነው ትልቁ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ለበሽታው የተቃረቡ 3,234 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ለ90 ኪሎ ሰው 7 በመቶ ስድስት ኪሎ ከምናምን ነው። «ስድስት ኪሎ ምን አላት?» እንዳይሉ።

ከዚያ የሁለት ሳምንት መዝገብ ይያዙ፤ ምንም ሳይቀይሩ፣ የሚበሉትንና የሚጠጡትን ብቻ እየጻፉ። ሰው ይህን ሥራ የሚዘለው የሚበላውን የሚያውቅ ስለሚመስለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት «ትንሽ እየበላሁ አልቀንስ አልኩ» የሚሉ ሰዎችን በትክክለኛ መለኪያ ሲመረምር፣ የሚበሉትን ከእውነተኛው 47 በመቶ ያህል አሳንሰው ይናገሩ እንደነበር አሳይቷል። ውሸታሞች አልነበሩም፤ ሰው የራሱን ምግብ ሲገምት እንዲህ ይስታል። እኛ ዘንድ ደግሞ ግምቱ ይበልጥ ይከብዳል። ከአንድ ትሪ አራት ሰው ሲበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም፣ እንጀራው እየተጨመረ ይሄዳል፣ ጉርሻው አይቆጠርም። ቡናው ሲፈላ የሚቀርበው ቆሎና ፈንዲሻም ከምግብ አይገባም። አራት ጊዜ ሻይ የሚጠጣና በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ከስኳሩ ብቻ 190 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያገኛል፤ በመዝገቡ ላይ ግን የሚጽፈው «ሻይ» ብሎ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ዘይቱ ነው፣ ምክንያቱም ወጥ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። ወጡን በማንኪያ መለካት ቤተሰቡን ስለሚያስቸግር፣ ሌላውን ሁሉ ትተው ይህን አንድ ነገር ቢያደርጉ እመርጣለሁ፤ አዲስ የዘይት ጠርሙስ ሲከፈት ቀኑን በላዩ ይጻፉ፣ ሲያልቅ ቀኖቹን ይቁጠሩ። አራት ሰዎች የሚኖሩበት ቤት አንድ ሊትር ዘይት በአምስት ቀን ከጨረሰ፣ ሊትሩ ከ8,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ስለሚይዝ እያንዳንዱ ሰው በቀን ወደ 400 ኪሎ ካሎሪ ከዘይት ብቻ እየወሰደ ነው። ይህን ቁጥር ያየ ሰው እንጀራን በጅምላ ከመክሰሱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

አሁን ዘዴዎቹን ከመዝገቡ ጋር ያገናኙ። የሚያበዛዎት የማታ መቆነጣጠር ከሆነ፣ የመብያ ሰዓትን መገደብ ይረዳል። የሚያበዛዎት ዳቦ፣ ፓስታና ለስላሳ መጠጥ ከሆነ፣ ካርቦሃይድሬትን መቀነስ ያዋጣል። ሁሉም ነገር ከልክ ትንሽ ትንሽ ያለፈ ከሆነ ደግሞ መጠን መቀነስ። የሰዓት ገደብን በተመለከተ አንድ ነገር ይወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከቻይና ጓንግዡ የወጣ ጥናት 139 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ ካሎሪያቸው እኩል እስከተቀነሰ ድረስ ሰዓት የገደቡትና ያልገደቡት በክብደት አልተለያዩም። ሰዓቱ የሚጠቅመው ትንሽ ለመብላት ሲያግዝዎት ብቻ ነው ማለት ነው። ኪቶ የሚሉትን እጅግ ጥብቅ የካርቦሃይድሬት ቅነሳ የሚያስብ ጿሚም ይህን ያስላ፤ በጾም ፕሮቲን የሚገኘው ከሽሮ፣ ከምስርና ከባቄላ ነው፣ እነዚህ ደግሞ ካርቦሃይድሬትም ናቸው። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ከወጡ በኋላ የሚተርፈው አቮካዶ፣ ለውዝና ጎመን ነው። በዚህ 55 ቀን ዐቢይ ጾምን የሚያልፍ ሰው ጥቂት ነው።

ብዙዎች የሚወድቁት ከዚህ በኋላ፣ ዘዴውን በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ሲፈርዱት ነው። እዚህ ላይ እባክዎ ቀስ ይበሉ። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት ያስቀምጣል፤ አንድ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ክምችቱ ግማሽ ኪሎ ቢሆን ከነውሃው ሁለት ኪሎ ይመዝናል። እንጀራና ዳቦ በድንገት የተወ ሰው በጥቂት ቀን ይህን ክብደት ያጣል፣ ሚዛኑ ላይ ወጥቶም «ዘዴው ሠራልኝ» ይላል። ስቡ ግን ገና አልተነካም ማለት ይቻላል። ያው ሰው አንድ ቅዳሜ ሠርግ ሄዶ ሲበላ ክምችቱ ከነውሃው ይመለሳል፣ ጨዉም ተጨማሪ ውሃ ያስይዘዋል። እሑድ ጠዋት ሁለት ኪሎ ጨምሮ ሲያይ «ልፋቴ በአንድ ቀን ጠፋ» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ፍርዶች ስሕተት ናቸው፤ በሁለቱም ጊዜ የተንቀሳቀሰው በአመዛኙ ውሃ ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ምንም ሳይቀምሱ ይመዘኑ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ቁጥር ከስሌት ያውጡት፣ ከአራት ሳምንት በፊትም አይፍረዱ። የወገብዎን ዙሪያ በሜትር ይለኩ፤ ቦርጭ በውሃ አይታለልም።

ሚዛኑን ከተጠነቀቁ በኋላ የሚቀረው ፈተና የቀን መቁጠሪያው ነው። ጾም አንዳንዱን ያከሳል፣ ዳቦና የተጠበሰ ነገር ያበዛውን ደግሞ ያወፍራል። በሁለቱም በኩል ግን አደገኛው ወቅት ከፋሲካ ማግስት ይጀምራል። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም፤ በሌላው ጊዜ ከሳምንቱ ሁለት ቀን ያለ ሐሳብ ይይዝዎት የነበረው ልጓም ይነሣል። የቅርጫው ሥጋ ፍሪዘር ሞልቷል፣ ሠርጉ ይደራረባል፣ ዘመድ ቤት ሄዶ «በቃኝ» ማለት ንቀት ይመስላል። በ55 ቀን የተገኘው በ50 ቀን ይመለሳል። ሙስሊም ቤቶችም ተመሳሳይ መንገድ አላቸው፤ የረመዳን ማፍጠሪያ በሳምቡሳና በጣፋጭ ሲከብድ፣ ከዒድ በኋላ የቀኑ ምግብ ሲመለስ የማታው ልማድ አብሮ ይቀራል።

ስለዚህ ዘዴውን ሳይጀምሩ ወረቀት ይያዙና አራት ቀኖችን ይጻፉ፤ አንድ ተራ ማክሰኞ፣ አንድ የጾም ዓርብ፣ አንድ የለቅሶ ቤት ቀን፣ አንድ የበዓለ ሃምሳ እሑድ። በእያንዳንዱ ቀን በዚህ ዘዴ ምን እንደሚበሉ በዝርዝር ይጻፉ። ከአራቱ በሁለቱ ላይ «ያን ቀን አቋርጣለሁ» የሚል መልስ ከወጣ ዘዴውን ይተዉት፤ ለእርስዎ አይሆንም። ለበዓለ ሃምሳው ደግሞ ከሆሳዕና በፊት ይወስኑ። የቅርጫውን ድርሻ በአንድ ጊዜ ማዕድ ልክ ከፋፍለው ያስቀምጡ፣ ሥጋ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚበላ ይነጋገሩ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሽሮ ወይም ምስር ይሥሩ። ይህ ጾም አይባልም፣ በዚያ ወቅት ጾም የለምና፤ ሽሮ መብላትን ግን የከለከለ የለም።

«ጾም ለነፍስ ነው፣ ከኪሎ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው፤ በዚህ በኩል ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ጾምን የክብደት መቀነሻ ያደረገ ሰው ሁለቱንም ያጣል፤ ጸሎቱ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ክብደቱም ጾሙ ሲፈታ ይመለሳል። እዚህ የሚባለው ሌላ ነው፤ የሚመርጡት ዘዴ ጾምዎን ሳይነካ አብሮት ማለፍ መቻል አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ የፍጥነት ነው፤ «ቀስ ብሎ የቀነሰ ይጸናል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት ይህን አልደገፈም። 204 ሰዎችን ገሚሱን በ12 ሳምንት፣ ገሚሱን በ36 ሳምንት እንዲቀንሱ አድርጎ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ሲያያቸው፣ ሁለቱም ወገኖች ከቀነሱት 71 በመቶ ያህሉን መልሰው ነበር። ፍጥነትም ዝግታም ብቻቸውን አያድኑም፤ የሚያድነው ከቅነሳው ማግስት የሚሆነው ነው። ክብደት ሲቀንስ ሰውነት ጉልበት መቆጠብ ይጀምራል፣ ረሃብ የሚያስነሡ ሆርሞኖችም ከዓመት በኋላ እንኳ ወደ ነበሩበት አይመለሱም። ስለዚህ መልሶ የወፈረን ሰው ሰነፍ ማለት ስሕተትም ጭካኔም ነው።

ለክብደት መቀነሻ መርፌዎቹም ይኸው ጥያቄ ይቀርባል። ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ጥናት በ68 ሳምንት በአማካይ ወደ 15 በመቶ የሚሆን ክብደት አስቀንሷል፤ ይህ ትልቅ ውጤት ነው፣ ለብዙ ሕመምተኞችም ተገቢ ሕክምና ነው። መርፌው ከቆመ በዓመቱ ግን ሰዎቹ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። ሐኪም ካዘዘልዎ የመጀመሪያውን ወር ዋጋ ብቻ አይጠይቁ፤ ለዓመታት መግዛት እችላለሁ ወይ፣ በሚፈለገው ቅዝቃዜ ተጠብቆ ይደርሰኛል ወይ ብለው ይጠይቁ። ከማያውቁት ሻጭ ፈጽሞ አይግዙ።

እንቅስቃሴን ከቅነሳው ይልቅ ለመጠበቁ ይቁጠሩት፤ የቀነሱትን ለዓመታት ያቆዩ ሰዎችን በሚመዘግበው የአሜሪካ መዝገብ ውስጥ ያሉ አብዛኞቹ ብዙ ይንቀሳቀሳሉ፣ ዋናው እንቅስቃሴያቸውም የእግር ጉዞ ነው። ለመመለሻም አንድ ድንበር ያበጁ፤ ለሦስት ተከታታይ ሳምንት ከደረሱበት ክብደት ሁለት ኪሎ በልጦ ከታየ ወደ ምግብ መዝገብዎ ይመለሱ፣ መጀመሪያ የሚያዩትም የዘይቱን ጠርሙስ ቀን ይሁን። በ12 ሳምንት ውስጥ ወገብዎም ሚዛኑም ካልተንቀሳቀሱ ዘዴውን በሙሉ አይጣሉት፤ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩና አራት ሳምንት ይስጡት።

ከመጀመርዎ በፊት ያን የአራት ቀን ወረቀት ወጡን ለሚሠራው ሰው ያሳዩት፤ እናትዎ፣ ባለቤትዎ ወይም ሠራተኛዎ ትሁን። ዘይቱ የሚቀነሰው በእርሷ እጅ ስለሆነ ያለ እርሷ ስምምነት የትኛውም ዘዴ ከሳምንት አያልፍም። ሲከሱ ዘመድና ጎረቤት «ምን ነካህ? አሞሃል እንዴ?» ብሎ መጨነቁ ስለማይቀር፣ ሐሳቡን አስቀድማ ያወቀች ሰው ለጠያቂውም መልስ ትሰጥልዎታለች፣ ትሪው ላይ ሦስተኛ እንጀራ ከመዘርጋቷም በፊት ትጠይቅዎታለች።