ጭላሎን በጆሮ ማሳየት

ስለ ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖድካስት ሊሠራ የተነሣ ሰው እጁ ላይ ቶሎ የሚመጣለት መግቢያ የታወቀ ነው፦ «ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኘው አሰላ…»። ስሕተት የለበትም። አድማጩ ግን ታክሲ ውስጥ ሆኖ ወይም ሽንኩርት እየከተፈ ነው የሚሰማው፤ ቁጥሩ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ ጭላሎም ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በድምፅ በሚተረክ ታሪክ መቼት ሕይወት የሚዘራው ቦታው ሰውየውን ምን እንዳደረገው ሲሰማ ነው። ኃይሌ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር፤ ማታም ያንኑ ያህል። ደብተሩን የሚይዘው በግራ እጁ ነበርና የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ እንኳ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ደብተር እንደ ያዘ ሰው ታጠፍ ይል ነበር። ይህን የተናገረ ተራኪ «አካባቢው ገጠር ነው፣ መንገዱም ሩቅ ነው» ብሎ መጨመር አያስፈልገውም።

መቼት ቦታ ብቻም አይደለም፤ ጊዜ አለበት። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ሯጩ ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ የሰባት ዓመቱ ኃይሌ ድሉን የሰማው በራዲዮ ነው። ይህን ትዕይንት የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ስታዲየሙ ጩኸት ይሮጣሉ። እኔ ብሆን አሰላ እቀራለሁ። የአርሲ ደጋ በሐምሌ ዝናብ ነው፣ ጉም ነው፣ ብርድ ነው፤ ራዲዮው ያለው እዚያ ነው። ታዲያ ድምፅ ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የቤቱ ጣሪያ ሣር ነበር ወይስ ቆርቆሮ? ሣር ላይ የሚወርድ ዝናብ እምብዛም አይሰማም። ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ግን ራዲዮውን ይውጠዋል፤ ልጁም ጆሮውን ራዲዮው ላይ መለጠፍ ይኖርበታል። በአንዱ ጣሪያና በሌላው መካከል ትዕይንቱ ይለወጣል። የራዲዮው ድንጋይ ደከም ብሎ ከነበረም ሌላ ጭንቅ ይጨመራል። ሳያጣሩ ከኢንተርኔት ያወረዱትን የቆርቆሮ ዝናብ መለጠፍ፣ ለእኔ፣ ያልተባለን ንግግር በሰው አፍ ከማስገባት አይተናነስም።

ከፍታስ እንዴት ይሰማል? ሯጮቹን ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው የአርሲዋ በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ላይ ናት። ይህን ቁጥር ከማንበብ ይልቅ አንዱን ወጣት ሯጭ ዳገት ላይ እየሄዳችሁ አነጋግሩት። ከቆላ የመጣው ጠያቂ ጥያቄውን ሳይጨርስ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ልጁ ቤቱ የተቀመጠ ያህል ረጋ ብሎ ይመልሳል። አዘጋጆች በአርትዖት ጊዜ የራሳቸውን ማለክለክ ስለሚያፍሩበት ቆርጠው ይጥሉታል። ይቆይ! ያ ማለክለክ 2,800 ሜትር ነው።

ሥራው ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ሁሉም ዝም ይበልና የቦታውን ድምፅ ብቻውን አንድ ሁለት ደቂቃ ቅዱ፤ በኋላ የተቆረጡ ንግግሮችን የሚያያይዝላችሁ እሱ ነው። ሜዳ ላይ ግን የደጋው ነፋስ ማይኩ ውስጥ ገብቶ ስለሚያንኳኳ ማይኩን ጸጉራም ሽፋን አልብሱት፣ ጀርባችሁንም ለነፋሱ ስጡ።

ገጠር በተባለ ቁጥር ዋሽንት መንፋት የቆየ የራዲዮ ልማድ ነው፤ በበኩሌ ሰልችቶኛል። ዋሽንቱ «ገጠር» ይላል እንጂ «አርሲ» አይልም። በመከር ወቅት ስንዴ ማሳ ውስጥ የሚያጓራ ኮምባይነር ግን አርሲ ይላል፤ ዘመኑንም ይናገራል። ከእሱ ቀጥሎ አውድማ ላይ በሬዎች ሲያበራዩ ቢሰማ አድማጩ ሁለት ዓይነት ገበሬ ጎን ለጎን እንደሚኖር ያለ ማብራሪያ ይረዳል። ደግሞም ድምፅ ማብዛት ግዴታ አይደለም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ በራዲዮ ሲተርክ ጎጃምን በሰው ጆሮ ውስጥ የሠራው በዋናነት በራሱ ድምፅ ነበር።

የመጨረሻው ነገር ቋንቋ ነው። አርሲ ላይ የምታነጋግሯቸው ብዙዎች ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ የአማርኛው ተራኪ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ከሸፈናቸው ከቦታው ድምፆች ትልቁን ያጠፋል። ባለታሪኳ አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር በራሷ ቋንቋ ትናገር፣ ሳቋም ይሰማ፤ አማርኛው ከዚያ ቀስ ብሎ ይግባ፣ እሷም ከሥር ዝቅ ብላ ትቀጥል። ወሬዋን ልትጨርስ ስትል ተርጓሚው ቀድሞ ዝም ይበል፤ የመጨረሻውን ቃል እሷ ትበለው።