በአልትራሳውንድ ምርመራ ወቅት የፅንስን አቀማመጥ ማስለወጥ፦ ከጎንደርና ከሰሜን ጎንደር ደጋ አንፃር

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንድታገኝ ይመክራል። ምርመራው ግን የፅንሱንም ትብብር ይሻል። ፅንሱ ጀርባውን ወደ እናቱ ሆድ ፊት ካዞረ አከርካሪው የድምፅ ሞገዱን ስለሚጋርድ ልቡ በጥላ ይሸፈናል፤ ፊቱን ወደ ማህፀን ግድግዳ ከደፋ ደግሞ ከንፈሩን ማየት ያስቸግራል። ለጎንደር ከተማ ነዋሪ «ሌላ ቀን ተመለሺ» መባል የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ከደባርቅ፣ ወይም ከዚያ አልፎ ከጃናሞራ ለመጣች እናት ግን የመጓጓዣ፣ የማደሪያና የአስታማሚ ወጪ ነው፤ ጨርሶ አለመመለስንም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ፅንሱን በዚያው ቀን፣ ያለ ጉዳት ማንቀሳቀስ የሚቻልበት መንገድ ሊጤን ይገባዋል።

በሰፊው የሚሰጠው ምክር ጣፋጭ መጠጥ መጠጣት ነው። ሆኖም ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2012 ያሻሻለው የጥናቶች ግምገማ፣ ለእናት ግሉኮስ መስጠት በፅንስ የልብ ምት ክትትል ላይ ምላሽ የማይታይባቸውን ውጤቶች እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኘም። ግምገማው የተመለከተው የልብ ምት ክትትልን እንጂ የምስል ምርመራን አይደለም፤ ቢሆንም «ጣፋጭ ፅንስን ይቀሰቅሳል» የሚለውን እምነት ያላላዋል። ነጥቡ በዚህ አካባቢ ክብደት አለው። ቤተ ክርስቲያን ለነፍሰ ጡር ብታቀልም፣ 55 ቀን የሚፈጀውን ዐቢይ ጾም የሚጾሙ እናቶች አሉ። ከቀትር በፊት ለመጣች ጿሚ ማስረጃው የላላ መጠጥ ማዘዝ ያለ በቂ ምክንያት ከኅሊናዋ ጋር ማጋጨት ነው። (የደም ስኳሯ ዝቅ ያለ እናት ጉዳይ የተለየ ነው፤ እርሷን መመገብ ሕክምና ነው።)

የተሻለው መንገድ ቀላል ነው፦ እናቲቱን በግራ ጎኗ ማስተኛት፣ ፊኛዋን እንድታስለቅቅ ማድረግ፣ ከዚያም ለጥቂት ጊዜ ተራምዳ እንድትመለስ ማድረግና በመካከሉ ሌላ ታካሚ ማየት። እነዚህ በአብዛኛው ከሙያ ልምድ የመነጩ ናቸው። በእርግዝና መገባደጃ የፅንስ እንቅልፍ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ስለሚቆይ ትዕግሥት ራሱ ዋጋ አለው። በ20ኛው ሳምንት ገደማ ደግሞ ፅንሱ በሽርት ውኃው ውስጥ ሰፊ ቦታ ስላለው ቶሎ ቶሎ ይገለባበጣል።

ከዚህ ፈጽሞ መለየት ያለበት በልምድ አዋላጅ የሚደረገው ሆድ ማሸት ነው። ፅንስን ከውጭ የማዞር ሕክምና የሚሰጠው በ36ኛው ወይም በ37ኛው ሳምንት ገደማ፣ የፅንሱ የልብ ምት እየታየ፣ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና በሚገኝበት ተቋም ነው፤ ምክንያቱም እንግዴ ልጅ ያለጊዜው ሊላቀቅ ይችላል። በመቀመጫው የሚቆየው ፅንስ በመውለጃ ጊዜ ከ3 እስከ 4 በመቶ ብቻ በመሆኑ በ20ኛው ሳምንት የሚታሽ ነገር የለም። እዚህ ላይ የባለሙያው አነጋገር ወሳኝ ይሆናል። «ልጁ ተጣሞ ተቀምጧል» የተባለች እናት ወደ አሺ ልትሄድ ትችላለች፤ «ልጁ ደህና ነው፣ ልቡን የሚያሳየው ምስል ብቻ ቀርቷል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንየው» የተባለችው ግን በወረፋው ትቆያለች።